ተሰቅሎ ለወረደ ባነር የትኛው ፍሌክስ ያዋጣል?

ፍሌክስ ባነር የሚታተምበት ፕላስቲክ የለበሰ ሸራ ነው። የፍሌክስ ሮል ሻጭ የሚያሳየው ናሙና ምንጊዜም አዲስ ነው፤ እጥፋት አያውቅም፣ ፀሐይ አልነካውም፣ ገመድም አልጎተተውም። ወደ ማስታወቂያ ቤት ባንኮኒ የሚመለሰው ባነር ግን ሌላ ነው። ለአንድ ቀን ምርቃት ታስቦ የተሠራው ወር ሙሉ አጥር ላይ ከርሟል፣ በሽቦ ተጠፍሯል፣ ሲወርድም እንደ ብርድ ልብስ ታጥፎ ወንበር ሥር ተወትፏል። ከዚያ "ቀኑን ብቻ ቀይሩልኝ" ይባላል። ወይም ጠርዙ ላይ ያለው የገመድ ማስገቢያ ቀለበት ተገንጥሎ "የእናንተ ሥራ ነው" ይባላል። በኅትመት ጥራት ብቻ ከሆነ ፍሌክሶች ያን ያህል አይበላለጡም፤ የሚለዩት ከተሰቀሉ በኋላ ነው። እዚህ የተመዘኑትም በዚያ ነው፦ በካሬ ሜትር 340፣ 440 እና 510 ግራም የሚመዝን ፍሌክስ፣ ሜሽ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መረብ መሰል ባነር) እና የፖሊስተር ጨርቅ።

ግራሙ ብቻ ያታልላል

ፍሌክስ መሃሉ የፖሊስተር ክር ነው፤ እንደ ማንኛውም ሽመና ድርና ማግ አለው፣ ፊቱና ጀርባው ደግሞ ፒቪሲ ለብሷል። መቀደድን የሚከላከለው ክሩ ነው። ሚዛኑን የሚያከብደው ግን በአብዛኛው ፒቪሲው ነው። ስለዚህ ሁለት ሮሎች እኩል 440 ግራም በካሬ ሜትር እየመዘኑ አንዱ በእጅ ሊቀደድ፣ ሌላው ሊያስቸግር ይችላል። ሻጩን ግራሙን ብቻ ሳይሆን የክሩን ዴኒየርና በአንድ ኢንች ውስጥ ያለውን የክር ብዛት መጠየቅ ያስፈልጋል። ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር ክር በግራም ሲመዘን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። 340 ግራሙ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዴኒየር በሆነ ቀጭን ክር ጠበቅ ተደርጎ ይሠራል፤ 440ው በ500፣ ከባዱ ደግሞ እስከ 1,000 ዴኒየር ይሄዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ አሠራሩ ነው። ላሚኔትድ የሚባለው ሁለት የፒቪሲ ፊልሞች ክሩን መሃል አስገብተው በሙቀት የተጫኑበት ነው። ኮትድ የሚባለው ደግሞ ፈሳሽ ፒቪሲ ክሩ ላይ ተቀብቶ የበሰለበት ነው። የመጀመሪያው ርካሽና ለኅትመት ልስልስ ነው፤ ነገር ግን ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲወዛወዝ ፊልሙ ከክሩ ይላቀቃል። ሁለተኛው ክሩን አቅፎ ስለያዘ እንደዚያ አይገለጥም። ልዩነቱን ባንኮኒ ላይ በሁለት ደቂቃ ማየት ይቻላል። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ ጥጉን በጥፍር ፈልቅቆ ፊልሙን መሳብ ነው። እንደ ስቲከር ጀርባ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ከተላጠ፣ ተመላልሶ ለሚሰቀል ሥራ አይሆንም። ከዚያ በመቀስ ትንሽ ፈልጦ በድሩም በማጉም አቅጣጫ በእጅ መቅደድ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ እሺ ካለ፣ ባነሩ ሲቆረጥ ደካማው አቅጣጫ ብዙ ጉተታ ወደሚመጣበት ጎን እንዳይውል መጠንቀቅ ነው።

340 ግራሙ ቤት ውስጥ ለአንድ ቀን የሚሰቀል፣ ከመድረክ ጀርባ የሚወጠር ነገር ከሆነ ጥሩ ነው። ደጅ ወጥቶ "ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግለኛል" ለሚል ደንበኛ መሸጥ ጠብ መግዛት ነው። ላሚኔትድ 440 የአብዛኛው ሥራ መደበኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እንደገና ቢወጣ ይችላል። ኮትድ 510 ዋጋው ከፍ ይላል፤ በየወሩ ለሚወጣና ለሚገባ ባነር ግን ብልጫው ከዋጋው በላይ ነው። ጠርዙ በሙቅ አየር ሲጣበቅ አስተማማኝ ነው፣ ከአሮጌነት በኋላም ተቆርጦ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። 3 በ6 ሜትር የሆነው ብቻውን ከ9 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ደካማ አጥር ላይ አንድ ሰው ብቻውን አስተካክሎ አይሰቅለውም።

የተመለሰውን ባነር ማንበብ

"የእናንተ ጥፋት ነው" ሲባል ከመከራከር በፊት ባነሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጉዳቱን ማየት ይበጃል። ጉዳቱ ራሱ ይናገራል፤ አንዳንዴም በሥራ ቤቱ ላይ ይፈርዳል።

ከቀለበቱ እንጀምር። ቀለበቱ ደህና ሆኖ ፍሌክሱ ላይ ያለው ቀዳዳ እንደ እንባ ጠብታ ወደ ውጪ ከተሳበ፣ በጥቂት ቦታ ብቻ ታስሮ ከመጠን በላይ ተወጥሯል ማለት ነው። የቀለበቱ ውስጠኛ ከንፈር በአንድ በኩል ተበልቶ ከሳሳ በሽቦ ታስሯል፤ ነፋሱ ባነሩን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ሽቦው እንደ መጋዝ ሲሠራ ከርሟል። ሁለቱም የአሰቃቀል ጥፋት ናቸው። ቀለበቱ ራሱ ለሁለት ተከፍቶ ግማሹ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የሥራ ቤቱ ነው። መምቻው ከቀለበቱ ቁጥር ጋር አልገጠመም፣ ወይም ምቱ ልል ነበር። ዝገት ከታየበትም እንዲሁ፤ ለደጅ ናስ ወይም ኒኬል የተቀባ ናስ እንጂ ተራ ብረት አይመታም።

ቅምቅማቱ ከተከፈተ ጠርዙን አጥፎ የያዘውን ደብል ቴፕ (በሁለቱም ፊት የሚያጣብቅ ቴፕ) በጣት ነክቶ ማየት ነው። ሙጫው ላይ አቧራ ወይም ቀለም ተነሥቶ ከመጣ፣ ቴፑ የተለጠፈው ባልተጠረገ ወይም ባልደረቀ ኅትመት ላይ ነበር። የሶልቬንት ቀለም ሲነኩት ቢደርቅም ውስጡ ያለው ሶልቬንት (ቀለሙን ያሟሟው ፈሳሽ) ለመትነን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጠቅልሎ ወይም ቴፕ ለጥፎ ከማስረከብ በፊት 24 ሰዓት ዘርግቶ ማቆየት ያስፈልጋል። ይህን ዘልሎ "ነገ ይድረስልኝ" ያለውን ደንበኛ ለማስደሰት የተጣደፈ ሥራ ቤት፣ ከሳምንት በኋላ የተከፈተውን ጠርዝ በነጻ ቢያስተካክል ተገቢ ነው። ጥሩው መፍትሔ ግን ቴፑ የሚያርፍበትን ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ሳያትሙ ነጭ መተው ነው።

እኩል የተራራቁ ነጫጭ መስመሮች የእጥፋት ምልክት ናቸው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የዩቪ ቀለም (በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚደርቀው) ፒቪሲው ላይ ተጋድሞ ስለሚቀመጥ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የሶልቬንት ቀለም ፒቪሲውን ነክሶ ስለሚገባ የተሻለ ይችላል፣ ለዘላለም ግን አይደለም። ጥቁር ነጠብጣብ ከተቆረጠው ጠርዝ ጀምሮ በክሩ መስመር እየሳበ ከገባ፣ ባነሩ እርጥብ እያለ ተጠቅልሏል። የፖሊስተሩ ክር ውኃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሻጋታው ከሁለቱ የፒቪሲ ፊቶች መሃል ስለሆነ በሳሙና አይወጣም። ኅትመቱ ከራሱ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ቀለሙ ከተነቀለ ሁለት ምክንያት ይኖረዋል፤ ሳይደርቅ ተጠቅልሏል፣ ወይም ዕቃ ተጭኖበት ሙቀት ውስጥ ቆይቷል። ይህን የሚለየው ቀኑ ነው፤ በተረከበ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከሆነ ማስታወቂያ ቤቱ ራሱን ይመርምር።

ቀለሙ ገርጥቶ ሰማያዊና ጥቁር ብቻ የጎላ ከመሰለ ፀሐይ ነው፤ ቢጫውና ማጀንታው (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ) ቀድመው ይሸነፋሉ። እንዲህ ያለውን ይዞ መጥቶ "ቀለማችሁ ለቀቀ" የሚል ደንበኛ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በባነሩ ጀርባ፣ በታችኛው ጥግ፣ የተረከበበትን ቀንና የፍሌክሱን ዓይነት በማይለቅ ማርከር መጻፍ ብዙ ንትርክ ያስቀራል። አሥር ሰከንድ ይወስዳል።

"ቀኑን ብቻ ቀይሩልኝ"

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው በቀኑ ላይ ስቲከር እንዲለጠፍለት ነው፤ ብዙ ሥራ ቤትም እሺ ይላል። ለሁለት ሳምንት፣ ተወጥሮ ሳይጠቀለል ለሚቆይ ባነር ይሠራል። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም፤ ምክንያቱም በፍሌክሱ ውስጥ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው የተጨመረበት ፕላስቲሳይዘር የሚባል ቅባት መሰል ማለስለሻ ነው። ይህ ማለስለሻ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ስቲከሩ ሙጫ ይገባል፣ ሙጫውን ያቀልጠዋል። ጠርዙ ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር መስመር ይታያል፤ አቧራ የያዘ ሙጫ ነው። ስቲከሩም በፀሐይ ሲኮማተር ከጥጉ ይነሣል። ባነሩ ሲጠቀለል ደግሞ ስቲከሩና ፍሌክሱ እኩል ስለማይሳቡ መሃሉ ይሸበሸባል።

የሚሻለው ከራሱ ከባነሩ ዓይነት የታተመ ቁራጭ ነው። አሮጌው ፊት መጀመሪያ በለብ ያለ ውኃና በቀላል ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል፤ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን አይነካውም፤ ኅትመቱን ያነሣሉ፣ ፒቪሲውንም ይጎዳሉ። አልኮልም የሶልቬንት ቀለምን ሊያነሣ ስለሚችል በነጭ ጨርቅ ጥግ ላይ ሳይሞከር አይጠረግበትም። ቁራጩ የሚሸፍነውን ጽሑፍ በየጎኑ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት፣ ጥጎቹም ክብ ይደረጋሉ፤ ሹል ጥግ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። በባነር ቴፕ ወይም በሙቅ አየር ይጣበቃል። ሙቅ አየሩ በበዛ ቁጥር ክሩ ይኮማተራል፣ ፍሌክሱ ይጎብጣል፣ የሚቆጠቁጥ ጢስም ይወጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥፍር ይላጣል። በትክክል ተጣብቆ ከሆነ ሲላቀቅ የሚሄደው መገጣጠሚያው ሳይሆን ፒቪሲው ከክሩ ላይ ነው። ይህን በቁራጭ ላይ ሳይሞክሩ የደንበኛ ባነር ላይ መጀመር አይገባም።

አንድ ነገር ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ የቁራጩን መደብ ከአሮጌው ቀለም ጋር ለማመሳሰል ይደክማሉ። አይመሳሰልም፤ የገረጣ ቀይ ላይ አዲስ ቀይ ሲያርፍ ልጥፉ ከሩቅ ይጮኻል። ይልቅ ቁራጩን በሌላ ቀለም መደብና ግልጽ ፍሬም አድርጎ ማተም ነው፤ ያኔ ልጥፍ መሆኑ ቀርቶ ሆን ተብሎ የተደረገ ሳጥን ይመስላል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ዲዛይኑ ሲሠራ "ይህ ዝግጅት በየዓመቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቀንና ቦታ በዋናው ባነር ላይ አይታተሙም። 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ራሱን የቻለ ጥብጣብ ላይ ታትመው፣ ከዋናው የታችኛው ቀለበቶች ጋር በገመድ ይያያዛሉ። የሁለቱ ቀለበቶች ርቀት እኩል መሆን አለበት። ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት የሚከፍለው ለጥብጣቡ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ይለዋል፣ ሥራ ቤቱም ቆሻሻ ባነር አያጥብም።

"ጀርባው ነጭ ነው፣ እዚያ ላይ አትሙልኝ" የሚለውን ግን አለመቀበል ነው። ቀለም የሚረጨው የማተሚያው ሄድ ከፍሌክሱ በላይ የሚሄደው በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። የተጎበጠ ጠርዝ፣ የቀረ ቀለበት፣ እጥፋት፣ አንዱ ቢነካው ሄዱ ይጎዳል፤ የአንድ ሄድ ዋጋ ደግሞ ስንትና ስንት አዲስ ባነር ይሠራል። አቧራው ቀለም የሚወጣባቸውን የሄዱን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ ላዩ ላይ የወጣው ማለስለሻም ቀለሙን እንደ ዘይት ላይ ውኃ ያንከባልለዋል። ይህን ሁሉ ለደንበኛው ማብራራት አያስፈልግም። "ማሽናችን ያገለገለ ፍሌክስ አይቀበልም፤ ሌላ ግን እንዲህ ልናደርግልዎት እንችላለን" ይበቃል።

ነፋስ፣ ሜሽ እና አራቱ ጥግ

3 በ6 ሜትር የሆነ ባነር 18 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ወደ 250 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያርፍበታል። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ዙሪያው 18 ሜትር ስለሆነ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቀለበት ቢመታ 30 ቀለበት ይኖረዋል። ሁሉም ከታሰሩ ለእያንዳንዱ 8 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ደንበኛው ግን ቸኩሎ አራቱን ጥግ ብቻ ካሰረ ለአንዱ ከ60 ኪሎ በላይ ነው፤ ይህም የመወዛወዙ ድንገተኛ ጉተታ ሳይታሰብ ነው። 510ም ቢሆን ይህን ለብዙ ቀን አይችልም። እንግዲህ ባነሩ ሲሰጥ ሠላሳ ቁራጭ ገመድ አብሮ መስጠት ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይሻላል። የሚለጠጥ ላስቲክ ገመድ ከሆነ ደግሞ ድንገተኛውን ጉተታ ይውጠዋል።

በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ "የነፋስ ቀዳዳ" ቁረጡልኝ የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የቀዳዳዎቹ ስፋት ከባነሩ አንጻር ኢምንት ስለሆነ የሚቀንሱት ግፊት ትንሽ ነው፤ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ክሩን በብዙ ቦታ ቆርጦ ለቅደት መነሻ ማዘጋጀት ነው። ነፋስ ካሳሰበ ሜሽ ነው መልሱ።

ሜሽ ገጹ ሁሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ነፋስ ያልፍበታል፤ ክብደቱም ቀላል ነው። ለሕንፃ ግንባታ አጥርና ለከፍታ ቦታ ከማንኛውም ፍሌክስ ይበልጣል። ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው፤ ቴፕ የሚይዘው በቂ ገጽ ስለማያገኝ ጠንካራ ጥብጣብ ጨርቅ ተደርጎበት መሰፋት ወይም መጣበቅ አለበት። ትናንሽ ፊደላት ይጠፉበታል። ለመጠገንም አስቸጋሪ ነው፤ ስቲከር ፈጽሞ አይይዝም። ስለዚህ ቀን የሚቀየርበት ሥራ ሜሽ ላይ ከሆነ የግድ በተለየ ጥብጣብ መሠራት አለበት።

የፖሊስተር ጨርቅ በአጭሩ፦ ቤት ውስጥ፣ በየጊዜው በሻንጣ ለሚጓዝ ባነር ከሁሉም ይሻላል። ታጥፎ ቢቀመጥ መስመሩ በእንፋሎት ይለቃል። ደጅ ለዝናብ አይሸጥም።

ባነር ያልሆነ ሥራ ሲሰጠው

አንዳንዱ ደንበኛ ባነሩን ለጣሪያ ፍሳሽ፣ ለመኪና ሽፋን፣ ለእህል ማስጫ ያውለውና መልሶ ያመጣዋል። የተቀደደው ጣሪያ ላይ ቢሆንም "ባነሩ ተቀደደ" ብሎ ነው። ከአጠቃቀሙ ውስጥ ጉዳት የሌለውም አለ፤ የዕቃ ማስቀመጫ ወለል ላይ ከሥር ማንጠፍ፣ የአሸዋ ክምር መሸፈን አይከፋም። እህልና ምግብ ግን ኅትመቱ ላይም ጀርባው ላይም መስጣት ተገቢ አይደለም፤ ማለስለሻውና ቀለሙ ለምግብ የተሠሩ አይደሉም። መኪና ላይ ተጭኖ በፀሐይ ከከረመም ማለስለሻው የመኪናው ቀለም ላይ እድፍ ሊተው ይችላል። ከእሳት አጠገብ ደግሞ በፍጹም። ማቃጠልማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ፒቪሲ ሲነድ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ሳንባን የሚያቆስል ጋዝ ያወጣል።

ደረሰኝ ላይ ሦስት መስመር መጨመር ይበቃል፦ ባነሩ ለምን ያህል ጊዜና የት እንዲሰቀል እንደተሠራ፣ በሁሉም ቀለበት መታሰር እንዳለበት፣ እና ታጥፎ ከመጣ ለእጥፋቱ ኃላፊነት እንደማይወሰድ። ከዚህ የረዘመውን ማንም አያነብም። ለተጠቀለለው የካርቶን ቱቦ አብሮ መስጠት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሮሉ የመጣበት ባዶ ቱቦ ተቆርጦ ይሆናል። ኅትመቱ ወደ ውጪ ተደርጎ ነው የሚጠቀለለው። ወደ ውስጥ ሲሆን ፊቱ ይጨማደዳል።

አሮጌ ባነር አስቆርጦ ትንሽ ሊያሠራ ለመጣ ሰው እሺ ከማለት በፊት ፍሌክሱን በእጅ አጥፎ በአውራ ጣት መጫን ነው። ነጭ መስመር ብቻ ከታየ ይሠራል። ከተሰነጠቀና ክሩ ከታየ ማለስለሻው አልቋል፤ ምንም ቢደረግ አዲስ ቅምቅማት አይይዝም። የሚሠራ ከሆነ ከአሮጌው ጠርዝ ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል፣ ቀለበት በነበረበት ቦታ አዲስ ቀለበት አይመታም፣ ደረሰኙም ላይ "የደንበኛው ፍሌክስ" ተብሎ ይጻፋል።